ከአስፋልት ለሚወጣ ቀላል ተሳቢ ፍሬን ስለመምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምናወራው ስለ ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ነው። ከነጭነቱ ከ500 እስከ 1,500 ኪሎ የሚመዝን፣ ድንኳን፣ የውሃ ጀሪካን፣ ጄኔሬተር፣ ማገዶ ወይም የእርሻ ዕቃ ጭኖ ከሒሉክስ፣ ከታኮማ፣ ከራንግለር ወይም ከጂምኒ ኋላ በፒስታና በጭቃ የሚጎተት። የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ አንገባበትም።

ተሳቢዬ ትንሽ ነው። የግድ ፍሬን ያስፈልገዋል?

ሕጉ እንደየአገሩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ከ750 ኪሎ የማይበልጥ ተሳቢ ያለ ፍሬን መጎተት ይችላል፤ ከዚያ በላይ አይቻልም። አውስትራሊያም ለባለ አንድ አክስል ድንበሯን ያደረገችው 750 ኪሎን ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚወስነው ስቴቱ ነው፦ ካሊፎርኒያ ለካምፒንግ ተሳቢ ከ1,500 ፓውንድ (680 ኪሎ) ጀምሮ፣ ለሌላው ተሳቢ እንደ ቨርጂኒያና ኮሎራዶ ሁሉ ከ3,000 ፓውንድ (1,360 ኪሎ) ጀምሮ ፍሬን ትጠይቃለች፤ ቴክሳስ እስከ 4,500 ፓውንድ (2,040 ኪሎ) ድረስ አትጠይቅም። የሚቆጠረው ከነጭነቱ ያለው ክብደት ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ግን የመኪናውን መመሪያ ነው። አውሮፓ ውስጥ ይሸጥ የነበረው ሱዙኪ ጂምኒ ፍሬን ያለው ተሳቢ ከሆነ 1,300 ኪሎ ይጎትታል፤ ፍሬን ከሌለው የተፈቀደለት 350 ኪሎ ብቻ ነው። ሒሉክስ እንኳ 3,500 ኪሎ መጎተት እየቻለ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተሰጠው 750 ነው። ስለዚህ 600 ኪሎ ተሳቢ ከጂምኒ ኋላ ቀጥለው ሕጉ ዝም ቢልዎትም ፋብሪካው ዝም አላለም።

የእኔ መለኪያ በአብዛኛው ከሁለቱም ይጠብቃል። ተሳቢው ከነጭነቱ ከመኪናው ባዶ ክብደት ሲሶውን ካለፈ፣ ወይም በመንገድዎ ላይ ረጅም ቁልቁለት ካለ፣ ፍሬን ይግጠሙለት። ጠጠር ላይ ጎማ የሚይዘው ከደረቅ አስፋልት በጣም ባነሰ ኃይል ነው። ኩርባ ላይ ፍሬን ሲይዙ ፍሬን የሌለው ተሳቢ የመኪናውን ኋላ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ የኋላ ጎማዎች ከተንሸራተቱ ደግሞ መኪናውና ተሳቢው ይታጠፋሉ።

ምን ዓይነት ምርጫዎች አሉ?

አራት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ ጋንቾው ወደ ውስጥ ገብቶ ገመድ የሚስብበት ነው፤ አውሮፓና አውስትራሊያ የተለመደ ነው። ሁለተኛው በዚያው ግፊት የፍሬን ዘይት ፖምፓ የሚሠራበት፣ አሜሪካኖች ሰርጅ የሚሉት ነው። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ታምቡር ፍሬን ነው፤ በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ማግኔት አለ፣ ከመኪናው በሚመጣ 12 ቮልት ይሠራል፤ ኃይሉን የሚመጥነው መኪናው ውስጥ የሚገጠም ኮንትሮለር የሚባል መሣሪያ ነው። አራተኛው በኤሌክትሪክ የሚነዳ ፖምፓ ተሳቢው ላይ ተገጥሞ የዲስክ ፍሬን የሚያስይዝበት ነው።

ታዲያ የትኛውን ልግዛ?

ለአብዛኛው ሰው የኤሌክትሪክ ታምቡር፣ ባለ 10 ኢንች። ዋጋው መካከለኛ ነው፣ መለዋወጫው አሜሪካ ውስጥ በየመደብሩ አለ፣ ጥገናው ታምቡር ፈትቶ ለሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር የለውም። ከሁሉ በላይ ግን ፍሬኑ በእርስዎ እጅ ነው። የመኪናውን ፍሬን ሳይነኩ የተሳቢውን ብቻ መያዝ ይችላሉ። ከአስፋልት ሲወጡ ይህ ከሁሉም ጥቅሞች ይበልጣል።

ሰርጅ ፍሬን ሽቦም ኮንትሮለርም አይፈልግም። ለምን እሱን አልመርጥም?

ለአስፋልት ብዙም አልከራከርዎትም። ተሳቢውን ለጎረቤት ቢያውሱት እንኳ ማንኛውም መኪና መጎተቻው ኳስ ላይ አስቀምጦ መሄድ ይችላል፤ ፍሬኑ አብሮት ይሄዳል። ለኪራይ ተሳቢ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከአስፋልት ውጪ ግን ጠባዩ ይለወጣል። በከባድ ማርሽ፣ በሞተር ኃይል ብቻ ድንጋያማ ቁልቁለት ሲወርዱ እርስዎ ፍሬን አልያዙም፤ ተሳቢው ግን ያለማቋረጥ ይገፋል። ስለዚህ ፍሬኑ ሳያዙት ይይዛል፣ የፍሬን ሸራው ይግላል። በየድንጋዩ መኪናው ሲቆምና ሲንቀሳቀስ ጋንቾው ገባ ወጣ እያለ ይመታል። ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው፦ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲገፉት ጋንቾው ተጨምቆ ጎማው ይያዛል። ለዚህ መፍትሔ አለው፤ የአውሮፓ ታምቡሮች ወደ ኋላ ሲዞሩ ራሳቸውን የሚለቁ ናቸው፣ የአሜሪካ ባለ ዲስክ ሰርጅ ደግሞ የኋላ ማርሽ መብራት ሲበራ ዘይቱን የሚዘጋ ቫልቭ ይኖረዋል። ጭቃና አሸዋ ጋንቾው ገባ ወጣ የሚልበትን ተንሸራታች ቱቦ ከያዘው ግን መፍትሔው ሁሉ አብሮ ይጣበቃል።

አውሮፓ የሚኖሩ ከሆነ ምርጫው በአብዛኛው ተመርጦልዎታል፤ እዚያ ከ750 እስከ 3,500 ኪሎ የተለመደው የግፊት ፍሬን ነው። እንዲያ ከሆነ ተንሸራታቹን የሚሸፍነው ላስቲክ አለመቀደዱን በየጉዞው ይመልከቱ፣ ግሪሱንም አይርሱ።

ቁልቁለት ይህን ያህል ያስፈራል?

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በአይ-70 ሲሄዱ ከአይዘንሃወር ዋሻ እስከ ሲልቨርቶርን ድረስ መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። 1,000 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 5.9 ሜጋጁል ነው፤ ይህ 17 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋስና የጎማ ሰበቃ ይወስዱታል፣ ሞተሩም በከባድ ማርሽ ይካፈላል። የተረፈው በሙሉ የሚገባው ሸራና ታምቡር ውስጥ ነው። ተሳቢው ፍሬን ከሌለው ደግሞ ያ ሁሉ ሙቀት የራሷን ክብደት ለማቆም በተሠራች መኪና ዲስክ ላይ ይወድቃል።

ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ማግኔቱና ሸራውን የሚገፋው ክንድ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ፍሬኑ እየላላ የመጣ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ሲሸትዎ ዳር ይዘው ይቁሙ። ውሃ አያፍስሱበት፤ በነፋስ ይቀዝቅዝ።

አገር ቤት ለሚነዱ፣ የአባይ በረሃ ቁልቁለት ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከላይ ያለውን ስሌት ወደ እጥፍ ይጠጉት። ሊማሊሞም የሚታወቀው በመጠምዘዣው ብቻ አይደለም።

7፣ 10 ወይስ 12 ኢንች?

ባለ 7 ኢንች ለ2,000 ፓውንድ (907 ኪሎ) አክስል፣ ባለ 10 ኢንች ለ3,500 ፓውንድ (1,588 ኪሎ) አክስል የተሠሩ ናቸው። ባለ 12 ኢንች ከ5,200 ፓውንድ ጀምሮ ላሉት ነው፤ ለቀላል ተሳቢ ራሱ ጭነት ነው፣ ባዶውን ሲሄድም ጎማ ይቆልፋል።

እዚህ ላይ የሻጮች ካታሎግ የማይነግርዎት ነገር አለ፤ የጎማው ቁመት። ሰው ተሳቢውን ከመኪናው ጋር እንዲመሳሰል ብሎ ትልቅ ጎማ ያስገባለታል። ሐሳቡ መልካም ነው፦ ሒሉክስ፣ ታኮማና ፕራዶ ባለ 6 ብሎን፣ 139.7 ሚሊሜትር ቸርኬ ስለሚጠቀሙ ተሳቢውም እንደዚያው ከሆነ አንድ ተቀያሪ ጎማ ለሁለቱም ያገለግላል። ነገር ግን ታምቡሩ ባለበት ሆኖ ጎማው ሲረዝም መሬት ላይ የሚደርሰው የማቆም ኃይል ይቀንሳል። ከ27 ኢንች ጎማ ወደ 33 ኢንች ከሄዱ የሚቀርልዎ 82 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በ7 ኢንች ታምቡር ላይ ረጅም ጎማ የገጠመ ሰው ፍሬን አለኝ ብሎ ራሱን ባያታልል ጥሩ ነው። ጎማዎ ከ30 ኢንች ካለፈ ተሳቢው 800 ኪሎ ቢሆን እንኳ 10 ኢንቹን ይውሰዱ።

የትኛው ኮንትሮለር ነው የሚሻለው?

ሁለት ቤተሰብ አለ። ርካሹ ፍሬን ሲረግጡ በጊዜ ቆጥሮ ኤሌክትሪኩን የሚጨምር ነው፤ በቀስታ ቢረግጡም በኃይል ቢረግጡም ለእሱ አንድ ነው። ሌላው መኪናው ምን ያህል ፍጥነት እየቀነሰ እንደሆነ በውስጡ ባለው መለኪያ አይቶ ለተሳቢው በዚያው ልክ የሚሰጥ ነው። ለአስፋልት ሁለተኛውን ይግዙ፤ የዋጋው ልዩነት አያስቆጭም።

ከአስፋልት ውጪ ግን ይህ ብልጥ ኮንትሮለርም ይቸገራል። በ4 ሎው (አራቱም ጎማ በሚነዳበት ከባድ ማርሽ)፣ በእግር መንገድ ፍጥነት ሲወርዱ መኪናው ፍጥነት እየቀነሰ ስላልሆነ መለኪያው የሚያየው ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ እርስዎ የወሰኑትን ያህል ኃይል በቀጥታ የሚሰጥ ሁለተኛ አሠራር ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ የአውስትራሊያው ሬድአርክ ቶው-ፕሮ ኤሊት እንዲህ ያለ ነው። ያም ባይሆን የእጅ መጫኛ (የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ የሚያስይዝ ቁልፍ) የሌለው ኮንትሮለር አይግዙ። ተሳቢው ከግራ ቀኝ መወዛወዝ ሲጀምር የሚያድነው ያችው መጫኛ ናት፦ የመኪናውን ፍሬን ሳይነኩ የተሳቢውን ብቻ ቀስ ብለው ይይዛሉ፣ ተሳቢው ወደ ኋላ ተስቦ ይቃናል።

ዲስክ ፍሬን አይበልጥም?

በሥራው ይበልጣል። ሙቀት ቶሎ ይተነፍሳል፣ ከውሃ ሲወጣ ወዲያው ይደርቃል፣ አሸዋ አያጠራቅምም። ችግሩ የሚከተለው ጓዝ ነው፦ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፖምፓ፣ የዘይት ቱቦ፣ ዲስኩን የሚጨብጥ ካሊፐር፣ ሁሉም በጠጠር ዝናብ ሥር። ዋጋውም ከኤሌክትሪክ ታምቡር ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜ ከተሳቢው ራሱ ይወደዳል። ተሳቢው ወደ 1,500 ኪሎ የሚጠጋና በየሳምንቱ ወንዝ የሚሻገር ከሆነ ይገባኛል። ለሌላው ሰው ገንዘቡን ጥሩ ጎማና ጥሩ ኮንትሮለር ላይ ያውለው። ከገጠሙ ግን የፍሬን ዘይት ውሃ እንደሚስብ አይርሱ፤ ዶት 4 አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው፣ ውሃ ሲገባበት ወደ 155 ሊወርድ ይችላል።

ወንዝ ስሻገር ወይም ጭቃ ውስጥ ስገባ ምን ላድርግ?

ከመግባትዎ በፊት ይቁሙና ሞዞውን (ጎማው የሚታሰርበትን፣ ኩሽኔታው ያለበትን የመሀል ብረት) በእጅዎ ጀርባ ቀረብ አድርገው ይሞክሩ። ትኩስ ከሆነ ይጠብቁ። የጋለ ሞዞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን ግሪሱን በሚዘጋው ጎሚኒ በኩል ወደ ኩሽኔታው ይስባል። ግሪሱ ወተት የመሰለ ቀለም ካወጣ ኩሽኔታው ጥገና ይፈልጋል።

ከወጡ በኋላ ቀስ ብለው እየነዱ በእጅ መጫኛው የተሳቢውን ፍሬን ለጥቂት ሰከንድ ቀለል አድርገው ይያዙ፤ ሸራው ይደርቃል። ወፍራም ጭቃ ከነበረ ማታ ቦታው ሲደርሱ ታምቡሩን ከኋላው ባለው ቀዳዳ በውሃ ያጥቡት። የደረቀ ጭቃና አሸዋ የማግኔቱን ፊት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል።

ሽቦው ላይ ምን ልጠንቀቅ?

የኤሌክትሪክ ፍሬን ብልሽት ተብሎ የሚመጣው አብዛኛው ሽቦ ነው። ባለ 10 ኢንች ማግኔት እያንዳንዱ ወደ 3 አምፔር ይወስዳል፣ ሁለቱ 6 ይሆናሉ። ከመኪናው እስከ አክስሉ 8 ሜትር ነው እንበል፤ ሄዶ ሲመለስ 16። በ1 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ይህ ርቀት ከ1.5 ቮልት በላይ ይበላል። በ4 ሚሊሜትር ካሬ ከግማሽ ቮልት አይበልጥም። ፍሬኑ ደካማ ነው ብለው ማግኔት ከመቀየርዎ በፊት የሽቦውን ውፍረት ይዩ።

ኔጋቲቩን በቻሲው ወይም በጋንቾው በኩል አይመልሱት፤ ግሪስና ዝገት መሀል ይገባሉ። የራሱ ሽቦ ይኑረው። የአሜሪካ ባለ 7 መውጫ ሶኬት ላይ የፍሬኑ መስመር ሰማያዊው ነው፤ ባለ 4 ሶኬት የፍሬን መስመር የለውም፣ ለመብራት ብቻ ነው።

አሁን ያለኝ ተሳቢ ፍሬን የለውም። በኋላ መግጠም ይቻላል?

ተንበርክከው ከጎማው ኋላ አክስሉን ይመልከቱ። ሞዞው ከመግባቱ በፊት አራት የብሎን ቀዳዳ ያለው አራት ማዕዘን ብረት ተበይዶበት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፦ ሞዞውን በታምቡር ባለ ሞዞ ይለውጡታል፣ የፍሬኑን ሳህን በአራቱ ብሎን ያስሩታል። ያ ብረት ከሌለ በእጅ ለመበየድ አይሞክሩ፤ ትንሽ ከዘመመ ሸራው በአንድ ጎን ብቻ ይበላል። አክስሉን መቀየር ይሻላል።

ሲገጥሙ ግራና ቀኙ የተለያየ ነው። አጭር ሸራ ያለበት ጫማ (ሸራው የሚለጠፍበት ብረት) ወደ መኪናው፣ ወደ ፊት ነው የሚዞረው። ገልብጠው ከገጠሙት ፍሬኑ ይሠራል፣ ግን በግማሽ ልቡ። የ10 ኢንች ታምቡር ቢያንስ 13 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል።

ስንት ጊዜ ይስተካከላል?

አዲስ ከሆነ ከመጀመሪያው 320 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያ በየ4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጎማውን አንሥተው ከኋላ ባለው ቀዳዳ ጥርስ ያለውን ማስተካከያ እስኪከብድ ያዙሩ፣ ከዚያ ሸራው ቀለል ብሎ እስኪነካ ድረስ ይመልሱት። ከአስፋልት ውጪ ብዙ የሚሄዱ ከሆነ ርቀቱን በግማሽ ይቁረጡት። አንዳንድ ታምቡር ራሱን ያስተካክላል፤ ጭቃ ሲገባበት ግን ይህ ጥርስ ይደርቃል፣ ስለዚህ ማየቱ አይቀርም።

ቆሞ እንዲይዝ ማድረግስ?

የኤሌክትሪክ ፍሬን ለማቆሚያ አይሆንም። ማግኔቱ የሚሠራው ታምቡሩ ሲዞር ነው፣ ባትሪም ይጨርሳል። የእጅ ፍሬን ክንድ የተጨመረበት ባለ 10 ኢንች ሳህን አለ፤ አውስትራሊያ የተለመደ ነው። ከሌለዎት ሁለት ጥሩ ታኮ። የከባድ መኪና ረዳት ዳገት ላይ ከመኪናው የሚወርደው ታኮውን ይዞ ነው፤ ተሳቢውን ከኳሱ ከማላቀቅዎ በፊት እርስዎም እንደዚያው ያድርጉ።

ወደ ኢትዮጵያ ልልከው አስቤያለሁ። የኤሌክትሪክ ፍሬን እዚያ ያስኬዳል?

ባለ 12 ቮልት ፒክአፕ ከሆነ የሚጎትተው፣ አዎ። አይሱዙ ኤንፒአር ዓይነት 24 ቮልት መኪና ላይ በቀጥታ ቢሰኩት ግን ማግኔቱን ያቃጥላሉ። ሸራው ካለቀ አያሳስብም፤ ጫማው ደህና እስከሆነ ድረስ ሸራ የሚለጥፍ ባለሙያ አይጠፋም። የሚያስቸግረው ማግኔቱና ኮንትሮለሩ ነው፤ ሁለት ትርፍ ማግኔት አብረው ይላኩ፣ ኮንትሮለሩንም መኪናው ላይ የሚገጥም ኤሌክትሪሺያን የሽቦ ሥዕሉን ይዘው ያነጋግሩ። ኩሽኔታው የተለመደ ነው፤ በአሜሪካ 3,500 ፓውንድ አክስል ላይ በአብዛኛው ኤል68149 በውስጥ፣ ኤል44649 በውጭ ነው። ቁጥሩን ይዞ የሄደ ሰው ያገኛል።

ሁለተኛ እጅ ተሳቢ ልገዛ ነው። ፍሬኑን እንዴት ልፈትሽ?

ታምቡር ስላለው ብቻ ፍሬን አለው ማለት አይደለም፤ ሽቦው ተቆርጦ ለዓመታት የሄደ ብዙ ነው። መልቲሜትር ይያዙ። ሶኬቱ ላይ በፍሬኑ መስመርና በኔጋቲቩ መካከል ለሁለት ማግኔት ከ1.5 እስከ 2 ኦም ያህል ማንበብ አለብዎት። እጥፉን ካነበበ አንዱ ማግኔት ተቋርጧል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ነው።

ከዚያ ተሳቢው ከመኪና ቢበጠስ ራሱን እንዲያቆም የተገጠመውን ማብሪያ ይሞክሩ። ትንሽ ባትሪ ያለበት ሳጥንና በቀጭን ገመድ የሚነቀል ፒን ነው፤ በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ፍሬኑን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መያዝ ይጠበቅበታል። መጀመሪያ ሶኬቱን ከመኪናው ይንቀሉ፣ አለዚያ ኤሌክትሪኩ ወደ ኮንትሮለሩ ተመልሶ ሊያበላሸው ይችላል። ከዚያ ፒኑን ይንቀሉና ተሳቢውን በመኪናው ቀስ ብለው ወደ ፊት ይሳቡት። ሁለቱም ጎማ መያዝ አለበት። አንዱ ብቻ ከያዘ ማስተካከያ ወይም ማግኔት ነው። ሁለቱም ከዞሩ ታምቡር ከማስፈታትዎ በፊት ባትሪውን ይለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሞተው እሱ ነው፣ ከዋጋው ላይ ለማስቀነስ ግን በቂ ምክንያት ነው።